ከሦስት የሚጀምረው መጽሐፍ

የስኮትላንዳዊው ደራሲ የአላስዴር ግሬይ «ላናርክ» ከታተመ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖታል። አንባቢዎቹ ግን ዛሬም አልተስማሙበትም። እርስዎስ ቢያነቡት ከየትኛው ወገን ይቆሙ ይሆን?

አንድ ወዳጅዎ ዳጎስ ያለ ልብ ወለድ በስጦታ ሰጠዎት እንበል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ልጆቹ ተኝተዋል፣ ቡናው ቀርቧል፣ ስልክዎም ለጊዜው ዝም ብሏል። ሶፋው ላይ ተመቻችተው የመጀመሪያውን ገጽ ሲገልጡ «ሦስተኛ መጽሐፍ» የሚል ያነባሉ። የጠራዡ ስህተት መስሎዎት ወደ ኋላ ያገላብጣሉ። መቅድሙን ቢፈልጉት መቶ ያህል ገጽ አልፎ ያገኙታል። ከመቅድሙ ቀጥሎ አንደኛው መጽሐፍ ይመጣል፤ ከዚያ ሁለተኛው፣ ከዚያ አራተኛው። የመዝጊያው ቃልም ቢሆን መጨረሻው ላይ አይደለም፤ ታሪኩ ሊያልቅ ጥቂት ምዕራፎች ሲቀሩት መሃል ላይ ገብቶ ተቀምጧል።

ጠራዡ አልተሳሳተም። ደራሲው ሆን ብሎ ያደረገው ነው። መጽሐፉ በአንድ ቅደም ተከተል እንዲነበብ፣ ኋላ ግን በሌላ ቅደም ተከተል እንዲታሰብ ፈልጓል።

እዚህ ላይ አንባቢ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ «ይሄማ ጨዋታ ነው» ብሎ በጉጉት ይቀጥላል። ሌላው «የደከመኝን ሰው ለምን ያደክመኛል?» ብሎ መጽሐፉን መደርደሪያ ላይ ይመልሰዋል። በአማርኛችንም የዳኛቸው ወርቁን «አደፍርስ» ወይም የአዳም ረታን ሥራዎች ያነበበ ሰው ይህን ዓይነት ክርክር ያውቀዋል። ዛሬ ግን ጉዳያችን ግላስጎው ነው። ክርክሩ ከጽሑፍ ስልት አልፎ ሰው ለሚወዳቸው ሰዎች ልቡን ስለመክፈቱና ስለመዝጋቱ መሆኑን እያየን እንሄዳለን።

ሠላሳ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ድካም

አላስዴር ግሬይ የተወለደው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 28 ቀን 1934 በግላስጎው ከተማ፣ ሪድሪ በሚባለው ሰፈር ነው። ሪድሪ የከተማው አስተዳደር የኪራይ ቤቶች የሠራበት ሰፈር ሲሆን አባቱም የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ልጁ ከትንሽነቱ ጀምሮ በአስምና በችፌ ይሠቃይ ነበር። ሌሊት ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ቀን ቆዳውን ያክካል። እናቱን በሞት ያጣው ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላው ነው። ከ1952 እስከ 1957 በግላስጎው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገብቶ የግድግዳ ሥዕል ተማረ። ልብ ወለዱን መጻፍ የጀመረውም በተማሪነቱ ዘመን ነበር።

ከዚያ በኋላ ሕይወት በሁሉም አቅጣጫ ያዋክበው ጀመር። አስተማረ፣ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሣለ፣ ተውኔት ጻፈ፣ አገባ፣ ልጅ ወለደ። ገንዘብ አንዳንዴ ነበር፣ ብዙ ጊዜ አልነበረም። ድርሰቱን ግን አልተወውም። ረቂቁን ካዩት የለንደን አሳታሚዎች መካከል «ይህ ሁለት መጽሐፍ ነውና ለያይተው፤ ከለያየኸው እናትመዋለን» ያሉት ነበሩ። ገንዘብ ለሚያስፈልገው ሰው ቀላል ፈተና አልነበረም። ግሬይ ግን እምቢ አለ። በመጨረሻ በኤድንብራ የሚገኘው ካኖንጌት የተባለ ትንሽ አሳታሚ እንዳለ ተቀበለው። መጽሐፉ በፌብሩዋሪ 25 ቀን 1981 ሲወጣ ደራሲው 46 ዓመቱ ነበር። የውስጥ ሥዕሎቹንም የሣለው ራሱ ነው።

እነዚያ አሳታሚዎች ያነሡት ጥያቄ እስከ ዛሬ አንባቢዎች የሚከራከሩበት ጥያቄ ነው። ይህ አንድ መጽሐፍ ነው ወይስ ሁለት?

ፀሐይ የሌላት ከተማና ትንፋሽ ያጠረው ልጅ

ታሪኩን በአጭሩ እንመልከት። በመክፈቻው ሦስተኛ መጽሐፍ አንድ ወጣት ባቡር ውስጥ ብቻውን ይነቃል። ስሙን አያስታውስም፣ ከየት እንደመጣም አያውቅም። ከባቡሩ ክፍል ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ የከተማ ፎቶግራፍ ስም ይዋሳል፦ ላናርክ። የሚደርስባት ከተማ አንታንክ ትባላለች። አንታንክ ውስጥ ፀሐይ የለችም ማለት ይቻላል። ሰው ካፌ ተቀምጦ ያወራል፤ እርስ በርሱ ግን አይደማመጥም። አንዳንዱ በድንገት ደብዛው ይጠፋል፤ የት ሄደ ብሎ አጥብቆ የሚጠይቅ የለም። ላናርክ ካፌው ሰገነት ላይ ይቀመጥና ሰማዩ ትንሽ እስኪፈካ ይጠብቃል።

የከተማዋ ሰዎች በየዓይነቱ በሽታ ይታመማሉ። የላናርክ ሕመም የዘንዶ ቆዳ ይባላል። ክንዱ ላይ ጠንካራ ቅርፊት ይወጣበትና እየሰፋ ይሄዳል። በመጨረሻ መሬት ተከፍታ ትውጠውና ተቋም በተባለ ግዙፍ የምድር ውስጥ ሆስፒታል ውስጥ ይነቃል። እዚያ ይድናል፣ ሐኪምም ይሆናል። አንታንክ ሳለ ያውቃት የነበረችው ሪማ መላ ሰውነቷ ወደ ዘንዶ ተለውጦ ያገኛታል። እሷንም ያድናታል። ደስታቸው ግን ብዙ አይቆይም። የተቋሙ ኃይልና ምግብ የሚገኘው ሊድኑ ካልቻሉት ሕሙማን መሆኑን ሲደርሱበት ሁለቱም ለመውጣት ይወስናሉ።

አንደኛውና ሁለተኛው መጽሐፍ ደግሞ ፍጹም ሌላ ዓለም ናቸው። ዳንከን ቶ የሚባል የግላስጎው ልጅ ታሪክ ነው። ጦርነቱ፣ ከከተማ ሸሽቶ መኖር፣ ትምህርት ቤት፣ አስምና ችፌ፣ የእናት ሞት፣ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ የማትወደው ልጅ፣ ሊጨርሰው ያልቻለ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥዕል። ሁሉም ነገር እንደምናውቀው ዓለም የሚዳሰስ ነው። ቶ መጨረሻው አያምርም፤ አእምሮው ይናወጣል፣ ባሕር ገብቶም ይሰጥማል። ያን ጊዜ አንባቢው ይባንናል። ባቡር ውስጥ ስሙን ረስቶ የነቃው ሰው ከዚህ ሞት ማዶ ያለው ያው ቶ ነው።

አንባቢዎች የት ላይ ይጣላሉ?

ስለ «ላናርክ» ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚሰሙት አራት ዓይነት አስተያየቶች ናቸው። እያንዳንዱ የራሱ እውነት ስላለው በትዕግሥት እንስማቸው።

የመጀመሪያው ወገን የቶን ታሪክ ወድዶ በአንታንክ የሚሰለች ነው። «የልጁ ሕመም፣ የእናቱ ሞት፣ የአባቱ ዝምታ አንጀቴን በላው፤ ከዚያ በኋላ ዘንዶና የሚናገር አፍ ውስጥ ለምን ይከተኛል?» ይላል። ለዚህ አንባቢ መጽሐፉ ውስጥ አንድ ግሩም ልብ ወለድ አለ፤ የቀረው ትርፍ ነው።

ሁለተኛው ወገን የዚህ ተቃራኒ ነው። አንታንክ ታስደንቀዋለች። ቶ ግን ያናድደዋል። በራሱ ሐሳብ የተጠመደ፣ የሌላውን ሰው ስሜት የማያይ፣ ለራሱ ብቻ የሚያዝን ወጣት ሆኖ ያገኘዋል። «እንዲህ ያለውን ሰው ሁለት መቶ ገጽ ሙሉ ልሸከም?» ብሎ ይጠይቃል። ከዚሁ ጋር የሚነሣ ሌላ ተገቢ ቅሬታ አለ። በመጽሐፉ ውስጥ ሴቶቹን በአብዛኛው የምናያቸው በሚፈልጓቸው ወንዶች ዓይን ነው። ሪማ እንኳ የልቧን የምትናገርበት ቦታ ጥቂት ነው።

ሦስተኛው ወገን በቅርጹ ይቆጣል። የተዘበራረቀውን ቅደም ተከተልና በመሃል ብቅ የሚለውን ደራሲ «እዩኝ እዩኝ» ይለዋል። አራተኛው ወገን ሁሉንም እንዳለ ይወድደዋል። ከነዚህ አንዱ እንግሊዛዊው ደራሲ አንተኒ በርጀስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 ከ1939 ወዲህ በእንግሊዝኛ የተጻፉ 99 ምርጥ ልብ ወለዶችን ሲዘረዝር «ላናርክ»ን አካትቶታል።

ልብ ብለው ካዩ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወገኖች የሚለያዩት ለንደን ያሉ አሳታሚዎች መቀስ ሊያሳርፉበት በፈለጉበት መስመር ላይ ነው። አንዱ ግማሹን ይዞ ሌላውን ይጥላል፤ ሌላው የተጣለውን አንሥቶ የተያዘውን ይጥላል። ታዲያ ግሬይ አልለያይም ብሎ የሙጥኝ ያለው ግትር ስለሆነ ብቻ ነውን?

ችፌው ወደ ቅርፊት ሲለወጥ

መልሱ ያለው ቆዳው ላይ ነው።

በቶ ታሪክ ውስጥ ችፌው ተራ ሕመም አይደለም። ሲጨነቅ ይብስበታል። ሲያፍር ያሳክከዋል። ሰው እንዲቀርበው ይፈልጋል፤ የቆሰለ ቆዳውን እንዳያዩበት ደግሞ ራሱ ይሸሻል። ልጅዎ ወይም እርስዎ ራስዎ ችፌ ያለብዎት ከሆነ ይህን ማንም ሊያስረዳዎ አያስፈልግም። የሌሊት ማከክ፣ እጅጌ ረጅም ልብስ በሙቀት ቀን መልበስ፣ «ምን ሆኖ ነው?» የሚሉ ዓይኖች።

ወደ አንታንክ ስንሻገር ይኸው ቆዳ ቅርፊት ይሆናል። ላናርክ ፍቅር መስጠትም መቀበልም ባቃተው መጠን ክንዱ እየደነደነ ይሄዳል። እኛ በአማርኛ «ልበ ደንዳና» እንላለን። ግሬይ ይህን ድንዳኔ ከልብ አውጥቶ በዓይን በሚታይ ቦታ፣ ክንድ ላይ አስቀመጠው። ቅርፊቱ አይታከክም፣ አያምም፣ አይደማም። ለዚህም ነው የሚያስፈራው። የታመመው ሰው ሥቃዩ ስለቀነሰ የዳነ ይመስለዋል። ውስጡ ያለው ሙቀት ግን መውጫ አጥቶ ይጠራቀማል፤ መዳን ያቃታቸው ዘንዶዎች በመጨረሻ ፈንድተው ይጋያሉ።

አሁን ሁለቱን ግማሾች አጠገብ ለአጠገብ ያድርጓቸው። አንደኛው የሚያመውን ቆዳ ያሳያል፤ ሁለተኛው እንዳያመው የደነደነውን። የቶን ታሪክ ብቻ ያነበበ ሰው ለቆሰለው ልጅ ያዝናል፤ ያ ቁስል ካልተፈወሰ ጎልማሳውን ምን እንደሚያደርገው ግን አያይም። አንታንክን ብቻ ያነበበ ሰው ዘንዶውን ያያል፤ ከቅርፊቱ ሥር ምን ዓይነት ልጅ እንዳለ አያውቅም።

ቅደም ተከተሉ የተገለበጠውም ለዚህ ይመስለኛል። በሕይወት ውስጥ ሰዎችን የምናገኛቸው ከሦስተኛው መጽሐፍ ጀምሮ ነው። የትዳር ጓደኛዎን ያገኟቸው ልጅነታቸው ካለፈ፣ ቅርፊቱ በየቦታው ከወጣ በኋላ ነው። ለምን በትንሽ ነገር እንደሚቆጡ፣ ለምን ሲያዝኑ ክፍል ዘግተው እንደሚቀመጡ መጀመሪያ ላይ አይገባዎትም። ከዓመታት በኋላ አንድ ምሽት ስለ ልጅነታቸው ያወጉዎታል። አንደኛው መጽሐፍ ያን ጊዜ ይከፈታል። ያኔ የቀድሞው ሁሉ ትርጉሙ ይለወጣል።

አንድ አባት፣ አንድ ልጅ፣ የሸሸ ጊዜ

ቤተሰብ ላለው አንባቢ ግን የመጽሐፉ ከባድ ክፍል አራተኛው ነው። ላናርክና ሪማ ከተቋሙ ሲወጡ ጊዜ በሥርዓት የማይሄድበትን ምድር ያቋርጣሉ። የሪማ እርግዝና በዚያ ጉዞ ላይ በፍጥነት ይገፋል። ወንድ ልጅ ይወለዳል፤ ስሙ አሌክሳንደር ነው።

ከዚያ የሚሆነው በብዙ ቤት የምናውቀው ነገር ነው። ሪማ ትተወዋለች። አንታንክ የጥፋት አደጋ ያንዣብብባታል፤ ላናርክም ከተማዋን ወክሎ በሩቅ አገር ጉባኤ ላይ እንዲናገር ይላካል። ትልቅ ኃላፊነት ነው። ለልጁም ሲል እንደሚሄድ ያምናል። እዚያ ደርሶ ግን በመጠጥና በሽንገላ ተጠልፎ ዋናው ንግግር ያመልጠዋል። ከተማዋን ሳያድን ይመለሳል። ሲመለስ ሽማግሌ ሆኗል። ትንሽ ልጅ ትቶት የሄደው አሌክሳንደርም ትልቅ ሰው ሆኖ ይጠብቀዋል።

ይህን ክፍል «ቅዠት» ብለው የሚያልፉት አንባቢዎች አሉ። እውነቱን ለመናገር፣ በመጽሐፉ ውስጥ ከዚህ የበለጠ የዕለት ተዕለት ኑሮን የሚመስል ነገር አላውቅም። ልጅዎ ከመቼው አድጎ ቁመትዎን እንደደረሰ ድንገት አስተውለው ደንግጠው ያውቃሉ? ለሥራ ጉዞ፣ ለስብሰባ፣ «ለእነሱ ብዬ ነው» እያልን ያጠፋናቸው ዓመታት የት ሄዱ? ግሬይ ይህን ስሜት በተራ አገላለጽ ቢነግረን «እውነት ነው» ብለን ገጹን ገልብጠን እናልፍ ነበር። እሱ ግን ጊዜውን ራሱን አጣመመው። አንባቢውም እንደ አባትየው ሳያስበው ልጁ አምልጦት ያድግበታል።

ደራሲው አልጋ ላይ ተኝቶ

ሦስተኛውን ወገን ያስቆጣው የመዝጊያ ቃል የሚገኘው እዚሁ አካባቢ ነው። ላናርክ አንድ በር ከፍቶ ይገባል። ውስጥ አልጋው ላይ ወረቀት የከመረ ሰው ያገኛል፤ የራሱን ታሪክ እየጻፈ ያለው ደራሲ ነው። ሁለቱ ይጨቃጨቃሉ። በገጾቹ ጠርዝ ላይ ደግሞ ደራሲው ከማን ምን «እንደሰረቀ» የሚዘረዝር ረጅም ማውጫ አለ። ማውጫው በመጽሐፉ ውስጥ ጨርሶ የሌሉ ምዕራፎችን ሳይቀር ይጠቅሳል!

ቀልድ ነው? አዎ፣ ቀልድ ነው፤ አንዳንዱን ቀልድ ሐያስያን ይህን መጽሐፍ በምን እንደሚነቅፉት ቀድሞ ገምቶ የመለሰበት ነው። በዚህ የሚሰለች አንባቢ ሊፈረድበት አይገባም። ነገር ግን በጭቅጭቁ መካከል አንዲት ትንሽ ቦታ አለች። ላናርክ ስለ ልጁ ሲያነሣ ደራሲው ግራ ይጋባል፤ ይህ ልጅ በእቅዱ ውስጥ አልነበረም። ሁሉን አውቃለሁ የሚለው ደራሲ ገጸ ባሕሪው የሚወደውን ልጅ አያውቀውም። ለእኔ የመዝጊያው ቃል ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ስለ ሰው ሕይወት የቱንም ያህል ብልህ ንድፍ ቢወጣ፣ ሰው የሚወደው ሰው ከንድፉ ውጭ ሊገኝ ይችላል።

የከተማ ውለታ

ስኮትላንዳውያን «ላናርክ»ን የሚወዱበት ሌላም ምክንያት አላቸው። ግላስጎው የመርከብና የብረት ሥራ ከተማ ነበረች። በሃያኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ፋብሪካዎቿ አንድ በአንድ ሲዘጉ ስሟ ከሥራ አጥነትና ከድህነት ጋር ብቻ ይነሣ ጀመር። በልብ ወለዱ ውስጥ ወጣቱ ቶ ከጓደኛው ጋር ከከፍታ ቦታ ሆኖ ከተማውን ቁልቁል እያየ ስለዚህ ያወራል። ሐሳቡ በአጭሩ ይህ ነው፦ ሠዓሊዎችና ጸሐፊዎች በሐሳባቸው ያልኖሩባትን ከተማ ነዋሪዎቿም ቢሆኑ በሐሳባቸው አይኖሩባትም። ሰው ፓሪስን ወይም ለንደንን ሳይሄድባቸው ያውቃቸዋል፤ የተወለደበትን ሰፈር ግን እየኖረበት አያየውም።

ግሬይ ይህን ዕዳ ከራሱ ላይ አወረደ። ከእርሱ በኋላ የመጡ ብዙ የስኮትላንድ ጸሐፊዎች የራሳቸውን ጎዳናና የራሳቸውን አነጋገር ለትልቅ ልብ ወለድ የሚበቃ አድርገው ለማየት «ላናርክ» እንደረዳቸው ይናገራሉ። በብሩሹም ቢሆን ከከተማው አልተለየም። በወጣትነቱ የሣለው የአንድ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሕንፃው ሲፈርስ አብሮ ጠፍቷል። በስተርጅና ግን ኦራን ሞር የተባለውን የቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ በከዋክብት ሞላው፤ በሂልሄድ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያም እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ መንገደኛው በየዕለቱ የሚያልፈው በሥዕሉ አጠገብ ነው። በ2015 «ላናርክ» ወደ ተውኔት ተለውጦ በኤድንብራ ፌስቲቫል ታየ። ግሬይ በዲሴምበር 29 ቀን 2019፣ 85 ዓመት በሞላው ማግስት አረፈ። ከ2021 ወዲህ መጽሐፉ የታተመበት ፌብሩዋሪ 25 «የግሬይ ቀን» ተብሎ ይታሰባል።

የእኛ አገር ፊልም ተመልካች ሳያውቀው ግሬይን አግኝቶት ሊሆን ይችላል። ኤማ ስቶን የኦስካር ሽልማት ያገኘችበት «ፑር ቲንግስ» የተሠራው እርሱ በ1992 ካሳተመው ልብ ወለድ ነው። ፊልሙ ታሪኩን ከግላስጎው አውጥቶ ለንደን ስላደረገው አንዳንድ ስኮትላንዳውያን ቅር ተሰኝተዋል። ከላይ ያልነውን ካስታወሱ ቅሬታቸው ይገባዎታል።

ለማንበብ ካሰቡ

እንግሊዝኛ ልብ ወለድ የማንበብ ልምድ ካለዎት ቋንቋው ከባድ አይደለም። የግሬይ ዓረፍተ ነገሮች አጫጭርና ግልጽ ናቸው፤ የሚያደናግረው አወቃቀሩ ነው። ጥቂት ምክሮች ልለግስዎ።

መጀመሪያ፣ እንደታተመው ያንብቡት። «አንደኛው መጽሐፍ» ላይ ዘልዬ ልጀምር የሚል ሐሳብ ይመጣብዎታል። ይህን ካደረጉ ቶን ከማወቅዎ በፊት ላናርክን የማያውቁት ባዕድ አድርገው የመገናኘት ዕድል ያመልጥዎታል። አንታንክ ውስጥ ግራ ቢጋቡ አይጨነቁ፤ ላናርክም ግራ ተጋብቷል።

ሁለተኛ፣ መጽሐፉ የአዋቂ ነው። የአእምሮ መታወክ፣ ወሲብና ሞት በግልጽ ይነሡበታል። ለታዳጊ ልጆችዎ አይሰጡት። በቅርብ ጊዜ ሐዘን የደረሰብዎ ከሆነም የእናትየው ሞት ያለበትን ክፍል ልብዎ እስኪረጋጋ ቢያቆዩት ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ማቋረጥ ነውር አይደለም። መቶ ሃምሳ ገጽ ሞክረው፣ የቶንም ልጅነት ቀምሰው ካልጣመዎት ይተዉት። ሰው የማይጥመውን መጽሐፍ በግድ ሲጨርስ የሚጠላው ያንን መጽሐፍ ብቻ አይደለም፤ ማንበብንም ጭምር ነው።

አራተኛና ዋናው፣ ብቻዎን አያንብቡት። ከትዳር ጓደኛዎ ወይም ከወዳጅዎ ጋር ያንብቡትና ከጨረሳችሁ በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ ተጠያየቁ፦ «የትኛውን ግማሽ ወደድክ? የትኛውስ አሰለቸህ?» ከዚያ «ለምን?» በሉ። የቶ ራስ ወዳድነት ያናደደው ሰው ምናልባት የራሱን ወጣትነት ይቅር ያላለ ይሆናል። አንታንክ የሰለቸው ሰው ምናልባት ቅርፊቱን ማየት አልፈለገም ይሆናል። ወይም ሁለቱም አይደለም፤ መጽሐፉ በቀላሉ አልጣመውም። ይህም ሙሉ መልስ ነው። ግን ጥያቄው ራሱ በብዙ ቤት ለዓመታት ያልተነሣ ወሬ ሊያስነሣ ይችላል።

ኮረብታው ላይ

በመጨረሻው ምዕራፍ ላናርክ አርጅቶ በከተማው የመቃብር ኮረብታ ላይ ተቀምጧል። ከተማዋ በእሳትና በውሃ ተናውጣለች፤ ግን ፈጽማ አልጠፋችም። የሚሞትበት ሰዓት ተነግሮታል፤ ነገ ነው። ያሸነፈው ነገር የለም። ከተማዋን አላዳነም፣ ትዳሩን አላቆየም፣ የልጁን ልጅነት አላየም። ልጁ ግን በዚያ ሁከት መካከል ፈልጎ አግኝቶት ነበር። ሽማግሌው አሁን ሰማዩን ያያል። በታሪኩ መግቢያ ካፌ ሰገነት ላይ ሆኖ ሲጠብቀው የነበረው ብርሃን ፊቱ ላይ ነው። ክንዱ ላይ ቅርፊት የለም።

አንባቢዎች በዚህ መጽሐፍ ገና ብዙ ይጣሉበታል። ይጣሉ። እርስዎ ግን ምናልባት ዛሬ ማታ መጽሐፉን ሳይገዙ፣ አንድም ገጽ ሳይገልጡ፣ አጠገብዎ ለተቀመጡት ሰው የሚጠይቁት ነገር አለ። ሦስተኛውን መጽሐፋቸውን ለዓመታት አብረው ሲያነቡ ኖረዋል። አንደኛውን እንዲያወጉዎት ይጠይቋቸው።